እጅና እግር ተምሯል፤ ዓይንስ?

ታናሽ እህቴ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። አንድ ቀን «ና እስቲ እየኝ» ብላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ፍሪሲዮን ስትለቅ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ማርሽ ስትቀይር ካላየኋት በቀር አይታወቀኝም። ኋላ ማርሽ አስገብታ በሁለት መኪኖች መሃል ስታቆም ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከእኔ ትሻላለች።

ከዚያ በግራም በቀኝም መኪና የተደረደረበት ጠበብ ያለ መንገድ ውስጥ ገባን። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄድን ነው። ራቅ ብሎ አንድ የዕቃ መኪና ጥጉን ይዞ ቆሟል። ከመኪናው ሥር፣ በጎማዎቹ መካከል፣ ሁለት ትንንሽ እግሮች ይታያሉ። አንዴ ይቆማሉ፣ አንዴ ይዘላሉ።

«ቀስ በይ» አልኳት።

«ምን አለ?»

«ቀስ በይ ብቻ።»

እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሳች። ልጁ ብቅ ሲል ፍሬን ያዘች፤ መኪናው ሳይንገጫገጭ ቆመ። በእኛና በልጁ መሃል ሁለት መኪና የሚያህል ቦታ ተርፎ ነበር። እሷ ግን ፊቷ አመድ መስሏል። «ከየት መጣ?» አለችኝ።

ከየትም አልመጣም። አራት ሰከንድ ሙሉ እዚያው ነበር።

ይህን የማወራው እህቴን ለማማት አይደለም። ያስተማሯትን ሁሉ በሚገባ ተምራለች። ጥያቄው ያላስተማሯት ነገር ላይ ነው። ለጀማሪ አሽከርካሪ የሚሰጠው ሥልጠና በአብዛኛው የእጅና የእግር ትምህርት ነው። መሪ አያያዝ፣ ማርሽ፣ ዳገት ላይ ማስነሳት፣ ወደ ኋላ ነድቶ ማቆም። ምክንያቱም ፈተናው እሱን ይለካል። መኪናው መስመሩን ነካ ወይስ አልነካም? ሞተሩ ጠፋ ወይስ አልጠፋም? እነዚህ በዓይን የሚታዩ፣ ነጥብ የሚሰጥባቸው ነገሮች ናቸው። «ከቆመው መኪና ሥር እግር አየ ወይ?» የሚል ፈታኝ ግን እምብዛም አይገኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2021 በዓለም ዙሪያ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሞተዋል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ የመጀመሪያው የሞት ምክንያት ይሄው ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌት ነጂዎችና ሞተረኞች ናቸው። ማለትም በብረት ያልተከለሉ ሰዎች። ከእነዚህ አደጋዎች ውስጥ ሾፌሩ ዳገት ላይ ማስነሳት ስላቃተው የደረሰ ስንት ይኖራል? ኋላ ማርሽ አስገብቶ ሲያቆም የሌላ መኪና መከላከያ የጫረ ሰው ገንዘብ ይከፍላል እንጂ ቀብር አይሄድም።

ዓይን የት ነው ያለው?

እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ጀማሪና ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች ሲነዱ ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ ተከታትለው ነበር። ውጤቱ ዛሬም ይጠቀሳል። ጀማሪዎቹ የሚያዩት ከኮፈኑ ፊት ያለውን፣ ቅርቡን መንገድ ነው። ግራና ቀኝ የሚቃኙትም በጣም ጠበብ ያለ ቦታ ነው። ስፖኪዮ የሚያዩት አልፎ አልፎ ነው። ልምድ ያላቸው ግን ሩቅ ያያሉ፣ ሰፋ አድርገው ያያሉ፣ ዓይናቸው አንድ ቦታ አይተከልም።

ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። የሰው ትኩረት ውስን ነው። ጀማሪ ፍሪሲዮንና ማርሽ እያሰበ፣ መኪናው በረድፉ መሃል መሆኑን እያረጋገጠ፣ ፍሬቻ መልሶ እንደሆነ እየተጠራጠረ ነው። ለእግረኛ የሚተርፈው ጭንቅላት ትንሽ ነው። ስለዚህ ዓይኑን አቅርቦ መስመሩን ይይዛል። እጅና እግር ራሳቸውን ሲችሉ ዓይን ቀስ በቀስ ይፈታል። ችግሩ ይህ የሚሆነው መንጃ ፈቃዱ ኪስ ውስጥ ከገባና አስተማሪው ከወረደ በኋላ መሆኑ ነው።

ነገር ግን ዓይንንም ማስተማር ይቻላል። ከሁሉ ቀላሉ ዘዴ ምንም ወጪ የለውም። እየነዱ ማውራት ነው። ተማሪው የሚያየውንና ቀጥሎ ይሆናል ብሎ የሚጠብቀውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ሲጀመር ያሳፍራል፤ ሰው ብቻውን የሚያወራ ይመስላል። እንዲህ ነው የሚባለው፦ «ከፊቴ ያለው መኪና ፍሬን መብራቱ በራ። በቀኝ የቆመችው ነጭ መኪና ውስጥ ሰው አለ፣ በሩን ሊከፍት ይችላል። ዜብራው ጋ ሴትዮዋ ስልክ ላይ ናት፣ አላየችኝም። ከኋላዬ ሞተረኛ አለ፣ ሊቀድመኝ ነው።»

አስተማሪው እዚህ ላይ መስማት ያለበት የተነገረውን ብቻ ሳይሆን ያልተነገረውንም ነው። ተማሪው መቶ ሜትር ሲሄድ ስለ አንድ እግረኛ እንኳ ካላነሳ፣ ዓይኑ ኮፈኑ ላይ ነው ማለት ነው። ደግሞም «ምን አየህ?» እና «ምን ሊሆን ይችላል?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ኳስ አየሁ ማለት አንድ ነገር ነው። ከኳሱ ኋላ ልጅ ይመጣል ማለት ሌላ።

እንግሊዝ አገር ይህንን ወደ ፈተናው አስገብታዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የጽሑፍ ፈተናው አካል ሆኖ የቪዲዮ ፈተና ይሰጣል። ተፈታኙ 14 አጫጭር ቪዲዮዎች ያያል። አደጋ ሊሆን የሚችል ነገር ማቆጥቆጥ ሲጀምር ማውዙን ይጫናል። ቀድሞ ያየ 5 ነጥብ ያገኛል፣ በዘገየ ቁጥር ነጥቡ እየወረደ ዜሮ ይደርሳል። ዝም ብሎ ደጋግሞ የሚጫን ብልጣብልጥም ዜሮ ነው የሚያገኘው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ፈተናው የሚለካው «ምልክቱ ምን ማለት ነው?» ብሎ ሳይሆን «መቼ አየኸው?» ብሎ ነው። ፈተና የሚጠይቀውን ደግሞ አስተማሪ ያስተምራል፣ ወደደም ጠላም።

ሃምሳና ስልሳ

ፍጥነትን በተመለከተ ጀማሪ የሚነገረው «የተወሰነውን ፍጥነት አክብር» የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ግን አያሳምንም። አሥር ኪሎ ሜትር ብጨምር ምን ይመጣል? ይላል ልቡ። ስለዚህ ስሌቱን ማሳየት ይሻላል።

ሁለት መኪና ጎን ለጎን እየሄዱ ነው እንበል። አንዱ በ50፣ ሌላው በ60። አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ ጎማው ደህና ነው፣ ፍሬኑ ጤነኛ ነው። ከፊታቸው ሰው ድንገት ገባ። ሁለቱም እኩል አዩት። አይቶ፣ ነገሩ ገብቶት፣ እግሩን ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪያዞር አንድ ሾፌር ቢያንስ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል። ለጀማሪ አንድ ሰከንድ የቸርነት ግምት ነው።

በዚያች ሰከንድ በ50 የሚሄደው 14 ሜትር ገደማ ተጉዟል። ፍሬኑን ይዞ ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ይፈልጋል። 28 ሜትር ላይ ቆመ። ሰውየው 29ኛው ሜትር ላይ ቢሆን ተርፏል።

በ60 የሚሄደው በዚያችው ሰከንድ 17 ሜትር ሄዷል። የመጀመሪያው መኪና የቆመበት ቦታ እስኪደርስ ፍሬን ለመያዝ የቀረው 11 ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ነጥብ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል? ጓደኞቼን ጠይቄ አውቃለሁ። አብዛኛው ሰው «አሥር» ይላል፤ በ60 እና በ50 መሃል ያለው ልዩነት አሥር ነውና። መልሱ 40 ነው። አንዱ ቆሞ መስኮት ሲያወርድ ሌላው ሰውየውን በ40 ይገጨዋል።

ምክንያቱ የመኪና ጉልበት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ማደጉ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ማብረድ ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ፍጥነት የሚቀንሰው በዝግታ ነው፤ ትልቁ ቅነሳ የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ነው። የሚጎድለን ሁልጊዜ እነሱ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል የሚለውም ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም።

ይህን ወረቀት ላይ ማስላት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ባዶ ሜዳ ከተገኘ ደግሞ ማየትም ይቻላል። ሁለት ምልክት መሬት ላይ ማስቀመጥ፣ በ30 ሄዶ ፍሬን መያዝ፣ ከዚያ በ50 ሄዶ እዚያው ቦታ ላይ ፍሬን መያዝ። ተማሪው ከመኪናው ወርዶ ርቀቱን በእግሩ ይለካ። በእግር የተለካ ሜትር አይረሳም።

እግረ መንገዱንም ኤቢኤስን፣ ማለትም ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን መሣሪያ፣ ያውቃል። ኤቢኤስ ያለው መኪና ላይ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ፔዳሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ይንገራገጫል። የማያውቅ ሰው መኪናው የተሰበረ መስሎት እግሩን ያነሳል፤ ልክ ማንሳት በሌለበት ሰዓት። መርገጥ፣ እንደተረገጠ ማቆየት፣ መሪውን ወደ ነጻው ቦታ ማዞር። አንዴ የሞከረው ሰው አይደነግጥም።

ከፊት ካለው መኪና ጋር ያለውን ርቀት በሜትር መገመት ለማንም ከባድ ነው። ስለዚህ በጊዜ ይለካል። ከፊት ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ይጀመራል፤ እኛ ምሰሶው ጋ ስንደርስ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ማለፍ አለበት። መንገዱ ሲረጥብ እጥፍ። «ቦታ ከተውኩ እኮ ሌላው ይገባብኛል» የሚል ቅሬታ ሁሌ ይነሳል። ይግባ። መልሶ ርቀት መያዝ የሚያስከፍለው ሁለት ሰከንድ ነው።

ጎበዝ መሆን ሲጎዳ

አሁን የምናገረው ለብዙ ሰው አይዋጥም። ለእኔም መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። የመንዳት ችሎታን ማሻሻል ብቻውን አደጋ አይቀንስም። አንዳንዴም ይጨምራል።

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአዲስ አሽከርካሪዎች በሚያንሸራትት መንገድ ላይ የመንዳት ሥልጠና ግዴታ አደረገች። በረዶ ላለበት አገር ከዚህ የተሻለ ምን ሐሳብ አለ? በኋላ ሲጠና ግን በወጣት ወንዶች ላይ አደጋው ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። ሥልጠናው መኪና ሲንሸራተት እንዴት እንደሚመለስ አስተምሯቸዋል። እነሱ የተማሩት ግን ሌላ ነገር ነው፤ «እኔ ይህን እችለዋለሁ» የሚለውን። የሚችል ሰው ደግሞ ፍጥነት አይቀንስም።

እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የስዊድን ሙከራ ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። ተማሪዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ፍሬን አያያዝና መሰናክል ማምለጥ በደንብ እንዲችል ሠለጠነ። ሁለተኛው ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ ችሎታው ሊከዳው እንደሚችል እንዲያይ ተደረገ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ በችሎታ አልተለያዩም። የመጀመሪያው ቡድን ግን ራሱን የበለጠ ጎበዝ አድርጎ ገምቷል።

ሰው ስለ አነዳዱ ያለው ግምት ድሮም ቢሆን የተጋነነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመ አንድ ጥናት ከተጠየቁት አሜሪካውያን 93 በመቶው በችሎታ ከመካከለኛው አሽከርካሪ በላይ ነን ብለዋል። በዚያው ጥናት የተጠየቁት ስዊድናውያን ትንሽ ጨዋ ናቸው፤ 69 በመቶ። ከመካከለኛው በላይ ሊሆን የሚችለው ግማሹ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ።

ስለዚህ ባዶ ሜዳ ላይ ፍሬን ማለማመዱ አይቅር፤ የሚያልቅበት መንገድ ግን ይታሰብበት። ተማሪው «ቻልኩት!» ብሎ ከወረደ አስተማሪው አበላሽቶታል። አንዴ ፍጥነቱን ጨመር ያድርግለትና ምልክቱን ገጭቶ ይለፍ። በካርቶን ሣጥን ላይ የደረሰ ሽንፈት ርካሽ ነው።

እንግዲህ ምን ይሠራል? ልምድ ይሠራል፤ ያውም አጠገብ ሰው እያለ። ተማሪ ከአስተማሪ ጋር እየነዳ እያለ አደጋ የሚያደርሰው በጣም ጥቂት ነው። ብቻውን መንዳት በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን አደጋው ጣሪያ ይነካል፤ ከዚያ ኪሎ ሜትር በተጠራቀመ ቁጥር እየወረደ ይሄዳል። ይህ ቅርጽ በየአገሩ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ብልህነቱ አስቸጋሪዎቹን ኪሎ ሜትሮች በተቻለ መጠን ብቻን መንዳት ከመጀመሩ በፊት መጨረስ ነው።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1993 መንጃ ፈቃድ የሚሰጥበትን ዕድሜ 18 ላይ እንደነበረ ትታ፣ መለማመድ የሚጀመርበትን ከ17 ዓመት ተኩል ወደ 16 ዝቅ አደረገችው። ዕድሉን የተጠቀሙት ወጣቶች ልምምድ በአማካይ ከ48 ሰዓት ወደ 118 ሰዓት አደገ። አደጋቸውም በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። እርግጥ ነው፣ ቀድሞ ለመጀመር የሚነሱት ድሮም ጥንቁቅ ከሆኑ ቤተሰቦች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቅነሳው ሁሉ የልምምዱ ነው ማለት አይቻልም። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ከ25 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ ለፈተና ከመቅረቡ በፊት 120 ሰዓት በመዝገብ መሙላት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓቱ በሌሊት።

ኒውዚላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 መንጃ ፈቃድን በደረጃ የመስጠት ሥርዓት ጀመረች፤ ብዙ አገሮች ከዚያ ቀድተዋል። አዲስ አሽከርካሪ ሙሉውን ነጻነት በአንድ ቀን አያገኝም። መጀመሪያ ላይ ብቻውን ከሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት አይነዳም፤ ያለ ተቆጣጣሪም ጓደኞቹን ጭኖ አይሄድም። ጓደኛ የሚለው ሰውን ያናድዳል። ግን ወጣት ሾፌር እኩዮቹን በጫነ ቁጥር ለሞት የሚዳርግ አደጋ እንደሚጨምር በተደጋጋሚ ታይቷል። ወሬው፣ ሙዚቃው፣ ከኋላ «ቅደመው እንጂ!» የሚለው ድምፅ። እዚያ መኪና ውስጥ ሆኖ የማያውቅ አለ?

እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበትም ቤተሰብ ለራሱ ሊያወጣው ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ጓደኛ አለመጫን፣ ሌሊት ብቻን ሆኖ አለመንዳት፣ ዝናብ ሲዘንብ ከሰው ጋር መውጣት። መንጃ ፈቃድ ኪስ ውስጥ ስላለ ከጎኑ የሚቀመጠው ሰው መውረድ አለበት የሚል ነገር የትም አልተጻፈም።

የቀረውን ቶሎ ልበል፤ ማንም የሚያውቀው ስለሆነ። ቀበቶ፣ ከኋላ የተቀመጠውንም ጨምሮ። በ50 መጋጨት ከአሥር ሜትር ከፍታ ላይ እንደመውደቅ ነው፤ ከኋላ ያልታሰረ ሰው ከፊቱ ባለው ሰው ላይ ነው የሚወድቀው። ደረት ከመሪው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ኤርባግ በኃይል ነው የሚወጣው፣ ቦታ ይፈልጋል። ስልክ እያናገሩ መንዳት የአደጋ ዕድልን ወደ አራት እጥፍ ያደርሰዋል፤ በእጅ ባይያዝም እምብዛም አይሻልም፣ የተያዘው እጅ ሳይሆን አእምሮ ነውና። በ80 እየሄዱ መልእክት ለማየት ሦስት ሰከንድ ዓይንን ማንሳት 67 ሜትር በጭፍን መንዳት ነው። መጠጥና እንቅልፍ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ከእህቴ ጋር ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ወር ያህል በሳምንት ሁለቴ ወጣን። እየነዳች ታወራለች። መጀመሪያ ላይ «መብራት፣ መኪና፣ መኪና» ነበር። ከዚያ «ያ ሞተረኛ ትከሻውን አዞረ፣ ሊታጠፍ ነው» ማለት ጀመረች። የቆመ መኪና ስታልፍ ከሥሩ ታያለች። «እግር የለም» ትላለች፤ ለራሷ፣ ቀስ ብላ።

ባለፈው ሰሞን እኔ እየነዳሁ ነበር። መስቀለኛው ጋ ስደርስ ግራ ቀኙን አይቼ ተንቀሳቀስኩ። እሷ ከጎኔ ሆና «ሴትዮዋን አይተሃታል?» አለችኝ።

«የቷን ሴትዮ?»

በፊት መስታወቱና በበሩ መሃል ያለችው የብረት ቋሚ ሙሉ ሰው ትሸፍናለች። ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ አንዲት ሴትዮ ልጅ አዝላ አስፋልቱ መሃል ደርሳለች።